ስለ ቀብር የሚነገር ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ዛሬ የምንነግራችሁ ብዙዎች ሊሰሙት ስለማይወዱት፣ ነገር ግን ማንም ስለማያመልጠው ስለ ቀብር ሥርዐት ነው።

በወላይታ ምድር በአንድ ቤት አባት ኦርቶዶክሳዊ፣ ልጅ ወንጌላዊ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በሕይወት ሳሉ ከአንድ ገበታ የሚቈርሱ ወንድማማች፣ ሞት በገባ ጊዜ አንደኛው ፍትሐት ይደረግለት፣ ሁለተኛው በእኛ መዝሙር ይሸኝ እያሉ ይከራከራሉ። ሟቹን እናከብራለን ሲሉ ክብሩን ያጐድሉበታል።

እኛም ከዚህ በደል ነጻ አይደለንም። ከዓመታት በፊት በአንድ ሐኪም ቤት የተኙ አረጋዊ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት እንዲቀበሩ ለእኛ ብቻ ነገሩን። እኛም እሺ ብለን፣ ሌላ ሰው ሳንጠራ ወጣን። ሌሊቱን ዐረፉ። በማግሥቱ ልጆቻቸው ለሁለት ተከፈሉ፤ የእኛም ቃል የአንድ ሰው ቃል ነበረና ክርክሩን ሊቈርጠው አልቻለም። አስከሬኑ በመካከላቸው እስከ ሠርክ ቈየ።

ሕግ ግን ለዚህ ነገር መንገድ አበጅቶለታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 892 እና 893 በቃል የሚደረግን ኑዛዜ ያውቃል። ሰው የመጨረሻ ፈቃዱን በሁለት ምስክሮች ፊት በአንደበቱ ቢናገር፣ ስለ ቀብሩ ለማዘዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየ ያ ቃል ይፈርሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ ሁሉን በገዛ እጁ ቢጽፈው፣ በየገጹም ቀኑንና ፊርማውን ቢያኖርበት ይሻላል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በቁጥር 493 የቀብርን ሥርዐት የሚያውከውን፣ መቃብርን የሚያረክሰውን፣ አስከሬንንም የሚያዋርደውን ይቀጣል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ሳለ ዐፅሙን ይዘው እንዲወጡ ያማለው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የእስራኤልን ልጆች ነው። ሙሴም ከብዙ ዘመን በኋላ ያን መሐላ ፈጸመ። የአርማትያሱ ዮሴፍም የጌታችንን ሥጋ ከጲላጦስ ለምኖ ተቀበለ እንጂ በግርግር አልነጠቀም።

የሟቹ ቃል እኛን የማያስደስት ቢሆንስ? ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ልጃችሁ በሌላ ሥርዐት ልቀበር ብሎ ተናዝዞ እንደ ሆነ፣ አልቅሳችሁ ሸኙት እንጂ በአስከሬኑ ላይ አትጣሉ። ላልፈቀደ ሰው መጽሐፈ ግንዘት በግድ አይነበብም። በሕይወቱ ሳለ ሳናስተምረው የቀረነውን፣ ሬሳውን በመጐተት አንሞላውም።

እንግዲህ ወደ ኦቶና ሐኪም ቤት ሕመምተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ስለ ቀብሩ ሊናገር ቢጀምር፣ «እግዜር ይማርዎ፣ ይህን አያንሡት» ብላችሁ አፉን አትዝጉበት። ሁለት ሆናችሁ ስሙት። እኛ ካህናትም የንስሐውን ምሥጢር ለብቻችን እንስማ፤ የቀብሩን ቃል ግን ምስክሮች ጠርተን እናሰማ።

የሙታንን ነፍስ ይማርልን፤ ሕያዋንንም በፍቅር ያኑረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።