ከጠመኔ ወደ መሪ

ሥራ የኅብረተሰብ ሕልውና መሠረት መሆኑን በቃል የማይቀበል ሰው አይገኝም። ልዩነቱ የሚገለጠው ከቃል ወጥተን ወደ ሰፈራችን ስንገባ ነው። ሃያ ዓመት ያህል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ጠመኔውን አስቀምጦ፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ መንዳት ጀመረ ሲባል በዕድሩ ድንኳንም ሆነ በቡናው ዙሪያ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ወረደ» የሚል ነው። ጥቂቶች ደግሞ «ገንዘብ አሳደደ» ይላሉ። በሁለቱም ፍርድ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው የፈራጁ ንቃተ ኅሊና እንጂ የሰውየው ሁኔታ ስላልሆነ፣ ጉዳዩን በመጠኑ ዘርዘር አድርገን ልንመለከተው ወደድን።

በአገራችን ለዘመናት ሥር ሰዶ የኖረው የፊውዳል ሥርዓት እጁ አፈር የነካውንና ብረት የቀጠቀጠውን ሁሉ ሲንቅ መኖሩ የታወቀ ነው። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ፣ በቀጥቃጩ ማረሻ የታረሰውን እህል እየበላና የሸማኔውን ኩታ እየለበሰ ኖረ። ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የንቀቱን ጥልቀት ያመለክታል። ይሁን እንጂ አዋጅ ስድቡን ከአደባባይ ያስወግድ እንደ ሆነ እንጂ ስድቡ የበቀለበትን የምርት ግንኙነት ብቻውን አይለውጥም። ዘመናዊ ትምህርት በተስፋፋ ጊዜም ንቀቱ ልብሱን ቀይሮ ተመለሰ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ማኅተም የሚመታ እጅ «የተማረ»፣ ግራሶ የነካው እጅ ግን «ያልታደለ» ተባለ። የአእምሮ ሥራና የጉልበት ሥራ ተቃርኖ የመደብ ኅብረተሰብ ውርስ መሆኑን፣ በከፍተኛው የዕድገት ደረጃም ሊወገድ የሚገባው መሆኑን ካርል ማርክስ በ1875 እ.ኤ.አ. በጎታ ፕሮግራም ላይ ባቀረበው ሂስ አመልክቷል። ውርሱ ግን ዛሬም በጎረቤት አፍ ውስጥ ይገኛል።

ለመሆኑ የጭነት መኪና ነጂ ምን ያመርታል? ስንዴውን አልዘራው፤ ማዳበሪያውን አልቀመመው፤ ናፍታውን አላጣራው። ከዚህ ተነሥቶ ነጂውን «አመላላሽ ብቻ» የሚል አለ። ማርክስ በ«ካፒታል» ሁለተኛ ቅጽ፣ ኤንግልስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለዚህ ግልጽ መልስ ሰጥቷል፦ አንድ ዕቃ ለፍጆታ እስኪደርስ ድረስ ምርቱ አልተፈጸመምና ዕቃውን ከቦታ ቦታ የሚያደርሰው ሥራ በዕቃው ላይ ዋጋ ይጨምራል። ይህን ለማረጋገጥ መጽሐፍ መግለጥም አያስፈልግም። በጅቡቲ ወደብ የተራገፈ ማዳበሪያ ሰኔ ሳይገባ ጎጃም ካልደረሰ ለገበሬው ማዳበሪያ አይደለም። በሰፈሩ ሱቅ የተደረደረው ዘይት፣ በጤና ጣቢያው ያለው መድኃኒት፣ የምንሳፈርበት አውቶቡስ የሚያቃጥለው ናፍታ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ሾፌር እጅ አልፎ የመጣ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የአሰብ በር ሲዘጋ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ሆኗል። በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከጭነቱ የተወሰነውን ቢወስድም፣ አብዛኛው አሁንም የሚጓዘው በጎማ ላይ ነው።

ይህን ሥራ ቀላል አድርጎ የሚገምት ካለ መንገዱን ይወቀው። ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ በገላፊ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ እስከ ባሕር ጠለል ይወርዳል። መኪናው በአብዛኛው ባዶውን ወርዶ ተጭኖ ይመለሳል፤ ምክንያቱም አገራችን ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከባዱ ጉዞ ዳገቱ ነው። በቁልቁለት ደግሞ ፍሬን ላይ የቆመ ሾፌር ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ ሙያውን የሚያውቀው ነጂ አስቀድሞ ማርሹን ቀንሶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል። በአፋር በረሃ ሙቀት ጎማ ይፈነዳል፤ ሌሊት ግመል መንገድ ያቋርጣል። ወደብ ተደርሶም ወረፋ አለ፤ በሚዛን ጣቢያም ወረፋ አለ።

በዚህ ሥራ የመጀመሪያው መምህር ረዳት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው የትናንቱ መምህር ከሃያ ጥቂት ዓመት ካለፈው ረዳት ዘንድ ጎማ መፍታትን፣ ሸራ ማጥበቅን፣ የሞተርን ድምፅ ለይቶ ማወቅን ይማራል። ረዳቱ ምናልባት ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰም፤ በመንገዱ ትምህርት ግን የዚያ ሰው አስተማሪ ነው። የአእምሮና የጉልበት ሥራ ልዩነት ሰው ሠራሽ መሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚታይበት ክፍል ያለ አይመስለንም። በዚሁ ላይ ረዳቱ የሚናገረው ቋንቋ ራሱ ታሪክ ነው፤ ጎሚስታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ ወራሪው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ከተባረረ በኋላም የኢትዮጵያ ሠራተኛ ንብረት ሆነው ቀርተዋል።

መምህሩና ሾፌሩ እርስ በርስ ባዕዳን እንዳልሆኑ የሚመሰክር ሌላም ታሪክ አለን። በየካቲት 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ ጭማሪን በመቃወም፣ መምህራን ደግሞ የደመወዛቸውን ጥያቄ ይዘውና «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ጎን ለጎን ሥራ አቆሙ። ዘውዳዊው መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ለመቀነስ፣ ዕቅዱንም ለማቆየት ተገደደ። ወሩም ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ያከራክራል። ጠመኔ የያዘውና መሪ የጨበጠው ግን በአንድ ወር፣ በአንድ ከተማ፣ በኑሮ ውድነት ላይ አንድ ድምፅ ማሰማታቸው አያከራክርም።

እንግዲህ «ወረደ» የሚለውን ቃል ከነሥሩ ነቅለን ብንጥለውም ሌላ አደጋ ይጠብቀናል፤ እርሱም የሥራ ክብርን እያወደሱ መምህሩ ለምን እንደ ወጣ አለመጠየቅ ነው። ይህን ዓይነቱን ውዳሴ አንቀበለውም። አንድ መምህር ለመሥራት ሕዝብ ዓመታት ያወጣል፤ ልምዱን ለማካበት ደግሞ እርሱ ራሱ ሌላ ዓመታት ያፈሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በቁርጥ ደመወዝ የሚኖረው ሁሉ የእንጀራው ስፋት ጠብቧል። ደመወዝ ተጨምሯል፤ ዋጋው ግን ቀድሞ ሄዷል። ሾፌር ከደመወዙ ሌላ የውሎ አበል አለው፤ ልዩነቱም በወር መጨረሻ በልጆች ምሳ ዕቃ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ሰውየው የመረጠው ነፃ ሆኖ ነው ስንል፣ በአንድ በኩል ኪራይ፣ በሌላ በኩል ጤፍ ቆሞበት የተመረጠ ምርጫ መሆኑን አብረን እንናገር። በውጭ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ፣ በዲግሪ ተመርቀው ትልልቅ የጭነት መኪና የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችንም ከዚህ የራቀ ታሪክ የላቸውም፤ ልዩነቱ እነርሱን ያስገደዳቸው የሙያ ማስረጃቸው እዚያ እንደ ልብ አለመመንዘሩ ነው።

ሌላው ጥያቄ መኪናው የማን ነው የሚለው ነው። ከአዲሶቹ ነጂዎች አብዛኞቹ የሰው መኪና የሚነዱ ቅጥረኞች ናቸው። ጥቂቶች ግን የዕቁብ ገንዘብ፣ የዘመድ ብድርና የሚስትን ወርቅ አሰባስበው በአንድ አሮጌ መኪና ላይ ድርሻ ይገዛሉ። ባለ ንብረት የመሆን የንዑስ ከበርቴ ሕልም ማራኪ ነው፤ አንድ የተቃጠለ ሞተርና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መለዋወጫ ግን ሕልሙን በአንድ ሌሊት ወደ ዕዳ ይለውጠዋል። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ እንቅልፉን እየሸጠ ይነዳል። ለዚህም ነው ጫቱ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። በገላፊ መንገድ ስምንት ሰዓት ሞላኝ ብሎ ሞተር የሚያጠፋ ነጂ ግን ብዙ አላየንም፤ የሚያጠፋበት ጥላም ብዙ የለም። በአገሪቱ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ እንደሚሞት እያወቅን የደከመን ሾፌር «ጎበዝ» እያልን የምናመሰግን ከሆነ ጥፋቱን ተካፍለናል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከአደጋው ሌላ ጥይትና እገታ ተጨምሯል። ጭነት እንደ ያዙ የተገደሉ፣ ቤተሰባቸው ማስለቀቂያ የተጠየቀባቸው ነጂዎች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሁላችንንም ቤት በከተተን ጊዜም እነርሱ በመንገድ ላይ ነበሩ፤ ዘይቱና ስንዴው አልተቋረጠም። ለውለታው የተከፈላቸው ግን በየምግብ ቤቱ በር «በሽታ አምጪ» ተብሎ መመለስ ነበር።

ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበርና ዕድር በሰፈሩ የጅቡቲ ነጂ ቤት እንዳለ ይወቅ። አባወራው በወር ሦስትና አራት ሌሊት ብቻ በሚያድርበት ቤት ልጅ ሲታመም ማን ሐኪም ቤት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ይነጋገር። ነጂው ለቅሶ አልደረሰም ተብሎ ቅጣት ሲጣልበት ያን ቀን የት እንደ ነበረ ይጠየቅ። የሠራተኛ ማኅበራትም በበኩላቸው ሁለት ጥያቄ በአንድ እጅ ይያዙ። በሚሌ፣ በሎጊያና በገላፊ ጥላ፣ ንጹሕ ውኃና ጥበቃ ያለው ማረፊያ ይሠራ የሚለው አንዱ ነው፤ ወጪው ከወደብ ክሬን ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሁለተኛው የመምህሩ ደመወዝ ነው፤ እርሱ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቢሆንም ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ ሲከፈት በባዶው ወንበር የሚቀመጥ ሌላ ሰው መፈለጉ አይቀርም።