ዋይፋዩ ሳሎን፣ ልጅቷ ሰርቪስ ቤት!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «እኛ ቤት ዋይፋይ አለ» ስትሉ የት ነው ያለው? ሳሎን አይደል? ከብፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ! እሱንማ መች አጣሁት። መኝታ ቤትስ? ጓዳስ? ከግቢው ጫፍ ያለችው ሰርቪስ ቤትስ? እዚያ ካልደረሰ ዋይፋይ ያለው ሳሎኑ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

ይህን የምለው እንጅባራ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ያየሁትን ይዤ ነው። ለማታውቋት፣ እንጅባራ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከባህር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ከዳንግላ ቀጥላ ትገኛለች። ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱም ዝናቡም አይጣል ነው! የአክስቴ ግቢ ከፊት የብሎኬት ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያውም በሩም ቆርቆሮ የሆነ ሰርቪስ ቤት አለው። ከሰርቪሱ አንዷን ክፍል የተከራየችው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ፈላጊ ናት። የዋይፋዩን ወርሃዊ ሒሳብ ከአክስቴ ጋር እኩል ትካፈላለች። ሲግናሉን ግን ማን ያካፍላት!

አንድ መሥሪያ ቤት በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ጠራት። ከክፍሏ ሆና ጀመረች፤ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በሌላ ቀን ደገሙላት። ያን ዕለት ምን ምርጫ አላት? ሳሎን ገባች። የአክስቴ እንግዶች ቡና ይጠጣሉ፣ ልጅቷ ጥግ ይዛ ስለ ችሎታዋ ታስረዳለች። አክስቴ ደግሞ ስኒ እንደያዙ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ማነው እሱ እንዲህ የሚያፋጥጥሽ?» አይሉም መሰላችሁ! ሰዎቹ ደግነታቸው፣ «ጸጥ ያለ ቦታ ስታገኚ ንገሪን» ብለው የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጧት። «እትዬን ምን ልበላቸው? ቤቱ የሳቸው ነው» አለችኝ።

ይሄ ቅንጦት የሚመስለው ካለ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የሆነውን ያስታውስ። በኬብል የሚመጣው ኢንተርኔት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ዋይፋይ ያለው ቤት ስንቱን አስጠግቷል!

ወደ ነገራችን እንግባ። ዋይፋይ ማለት ሬዲዮ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ቆርቆሮ ደግሞ ሬዲዮን አያሳልፍም፤ መልሶ ያነጥረዋል። መስታወት ያለው ብፌም እንደዚያው ነው። ብረት የገባበት የኮንክሪት ምሰሶም ያዳክመዋል። ውኃ ደግሞ ይጠጣዋል፤ እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ምን እንደሚያደርገው ገምቱ። «በጋ ላይ ትንሽ ትንሽ ይደርሰኝ ነበር» ያለችኝ ልጅ አልዋሸችም።

እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በተለያዩ ደሴቶች ላይ ያሉ ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ አገናኝተዋል። አሎሃኔት ይባላል። ባሕር ተሻግረው! እኛ ግን ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ቤት 15 ሜትር አቃተን። እነሱ መሀል ላይ ቆርቆሮ አልነበረባቸውማ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ ሥር ቁሙ። እዚያም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጥፋቱ የግድግዳው አይደለም፣ የሚገባው መስመር ነው። ዳንግላ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ሪፒተር ገዝተው ምንም ለውጥ ቢያጡ እርስ በርስ ሲካሰሱ አግኝቻቸዋለሁ። መስመሩ ከመነሻው ቀጭን ነበር። ሽፋን ማስፋት ፍጥነት አይጨምርም ጃል!

ራውተሩ ሥር ጥሩ ከሆነ መጀመሪያ ቦታውን ቀይሩለት። ከብፌው ይውረድ፣ ዳንቴሉም ይነሳለት፤ ዕቃው ይግላል። ከፍ አድርጋችሁ፣ ችግሩ ወዳለበት ክፍል በሚያይ መስኮት አጠገብ ስቀሉት። የገባላችሁ ፋይበር ከሆነ ቀጭኗን ገመድ አትጠፏት፣ ለመቀጠልም አትሞክሩ፤ ለባለሙያ ተዉት። ስልካችሁ ሁለት የዋይፋይ ስም ካሳያችሁ ደግሞ ለሩቁ ክፍል 2.4 ጊጋኸርዙን ምረጡ። ባለ 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይችልም።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ስትሄዱ «ይህን ሰካ ብቻ አድርጊው» ብለው ሪፒተር ይሸጡላችኋል። አብዛኛው ሰው ወስዶ ሲግናል የሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። ያልሰማውን ምን ብሎ ይድገም? ሪፒተር የሚሰካው መሀል ላይ፣ ሲግናሉ ገና ደህና በሆነበት ቦታ ነው። በዚያውም ሬዲዮ ሰምቶ በዚያው ስለሚናገር ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጠዋል። ሜሽ የሚሉት የሁለትና የሦስት ዕቃ ስብስብም አለ፤ ለትልቅ ቪላ ግሩም ነው፣ ግን ዋጋው ኪስ ያራቁታል፣ ዕቃዎቹም መሀላቸው ቆርቆሮ ከገባ አይሰማሙም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለእኛ አገር ግቢ መድኃኒቱ ገመድ ነው። የልጅቷ የክፍል ጓደኛ የነበረ አንድ ጎረምሳ የኔትወርክ ሥራ ይችላል፤ እሱ ሠራው፣ እኔ መሰላል ያዥ ነበርኩ። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ዝናብና ፀሐይ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፈው። በወዲያኛው ጫፍ አዲስ ዕቃ አልገዛም፣ ያረጀ ራውተር አመጣ እንጂ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ገመዱ ከሁለቱም ላይ ላን የሚል ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። የአሮጌው ራውተር ዲኤችሲፒ የሚባለው ይጠፋል፤ እሱ ለየስልኩ አድራሻ የሚያድል ነው፣ በአንድ ቤት ሁለት አዳይ ካለ ረብሻ ነው። የራሱም ቁጥር ከዋናው እንዳይጋጭ ይቀየራል፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ እሱን 192.168.1.2 በሉት። ስምና የይለፍ ቃሉን አንድ ዓይነት አድርጉ፣ ቻናሉን ግን ለያዩ፤ 1፣ 6 እና 11 አይረባበሹም።

ወጪውን አክስቴና ልጅቷ ተካፈሉ። አክስቴ መጀመሪያ «ለአንድ ክፍል ይሄ ሁሉ ገመድ?» ብለው ነበር። «እትዬ፣ እኔም እኮ እየከፈልኩ ነው» አለቻቸው አንገቷን ደፍታ። ትንሽ ዝም አሉና ቱቦ መግዣውን ከመቀነታቸው ፈቱ። ሦስተኛውን ቃለ መጠይቅ በሯን ዘግታ ጨረሰች። መልሱን ይህን ስጽፍ ገና እየጠበቀች ነው።

መብራት ሲጠፋስ ለምትሉ፣ ለራውተር የሚሆኑ ትንንሽ የባትሪ ዕቃዎች አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን አዳፕተር አንብቡ፤ 12 ቮልት የሚለውም 9 የሚለውም አለ። ለሰርቪስ ቤቱም ሌላ ያስፈልጋል፣ የሳሎኑ ብቻ ቢበራ ጥቅም የለውም።

መብረቅን አደራ! በግቢ የሚያልፍ የመዳብ ገመድ የመብረቅን ኃይል ይዞ ሁለቱንም ራውተር ሊያቃጥል ይችላል። ደመናው ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ፣ አዳፕተሩንም ከሶኬት ንቀሉ። ከጀመረ በኋላ ግን ማንም ገመድ እንዳይነካ።