ሳህን ላይ የማይገለጥ ጠባይ

የታይፎይድ ባክቴሪያ ማኮንኪ በሚባለው ሮዝማ የረጋ ምግብ ላይ ሲዘራ በማግስቱ ፈዘዝ ያሉ፣ ቀለም አልባ ነጠብጣቦች ሆኖ ይገኛል። ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር መጠቀም አይችልም፤ አጠገቡ የበቀለው ኢ ኮላይ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ግን ስኳሩን አብላልቶ ይቀላል። የላቦራቶሪ ባለሙያ ሁለቱን የሚለየው በዚህ ነው። ችግሩ ሳህን ላይ ያለው ባክቴሪያ ምግቡ ቀርቦለት፣ ሙቀቱ ተመጥኖለት የተንደላቀቀ መሆኑ ነው። ያው ባክቴሪያ በሰሜን ጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲቆይ፣ ከተጠጣው ውሃ ጋር ገብቶ የጨጓራን አሲድ ሲሻገር፣ ኋላም ሊውጠው በመጣ የመከላከያ ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ ሲራባ ጠባዩ በየደረጃው ይለዋወጣል። ከ4,000 በላይ ጂኖች አሉት፤ ሁሉንም ባንዴ አያበራም። አሲዱ፣ የሙቀቱ ለውጥ፣ የማግኒዝየም እጥረቱ አንዱን ሲያበራ ሌላውን ያጠፋል። በሽታ የሚያመጣውን ጂን ሳህን ላይ መፈለግ ሌባን በቅዳሴ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ መታዘብ ነው፤ እዚያ ሁሉም ጨዋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ማሃን፣ ስላውች እና መካላኖስ የተባሉ አሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው ራሱ ምስጢሩን እንዲያወጣ አደረጉ። አይጥ የሚያሳምመውን የታይፎይድ ዘመድ ወስደው፣ ያለ እሱ በአይጥ ሰውነት ውስጥ መኖር የማይችልበትን አንድ ጂን አጠፉበት። ከዚያ ጂኑን መልሰው ሰጡት፤ ማብሪያውን ግን ነፍገው። ከኋላው ላክቶስ የሚያስበሉ ጂኖችን ቀጠሉለት፤ በማብሪያው ቦታ ደግሞ ከባክቴሪያው ዲኤንኤ የተቆራረጡ ቁርጥራጮችን እንደ ዕጣ አስገቡ። ቁርጥራጩ አይጡ ውስጥ የሚሠራ ማብሪያ የሆነለት ተረፈ፤ ያልሆነለት ሞተ። የተረፉት ከጣፊያ ተለቅመው ማኮንኪ ላይ ተዘሩ። የቀሉት ማብሪያቸው ሳህኑም ላይ የሚሠራ ነው። የተፈለጉት ግን የፈዘዙት ናቸው፤ አይጡ ውስጥ በርተው ሳህኑ ላይ የጠፉት። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ጥያቄ የፈረደው ተራ የሆስፒታል ሳህን መሆኑ ደስ ይላል።

መብራት የበራበት ክፍል ሁሉ ሰው አለበት ማለት አይደለም፤ የበራ ጂን ሁሉም ለበሽታው አያስፈልግ ይሆናል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱም በ1995 ለንደን ውስጥ ሄንሰልና ሆልደን ከተባሉ ተመራማሪዎች መጣ። እነሱ በየባክቴሪያው አንዳንድ ጂን እያበላሹ፣ ገበሬ የከብቱን ጆሮ እንደሚበጣው ለእያንዳንዱ የዲኤንኤ ምልክት ሰጡት። መንጋውን አይጥ ውስጥ ለቀው ሲመለስ ምልክቱ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ቆጠሩ፤ የጎደለው ያለ ተበላሸው ጂን መኖር ያልቻለው ነው። በመከላከያ ሕዋስ ውስጥ ለመኖር የሚያስችሉ ጂኖች ባንድ ሰፈር ተከማችተው የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የሰው ታይፎይድ አይጥን በወጉ አያሳምምም። ስለዚህ ወደ ሰው ሕዋስ መሄድ ግድ ሆነ። በ2004 ጋላን የተባለ ተመራማሪ ቡድን የታይፎይድ ባክቴሪያ ሰው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ብቻ የሚያወጣው መርዝ እንዳለው አሳየ። በ2006 ደግሞ ባንግላዴሽ ውስጥ ከታመሙ ሰዎች ከተወሰደ ሴረም፣ ሳህን ላይ የበቀለውን ባክቴሪያ የሚያውቁት ፀረ እንግዳ አካላት ተጣርተው ወጡ። የቀሩት ባክቴሪያው ሰው ውስጥ ሲገባ ብቻ ለሚያሳየው ገጽታ የተሠሩ ነበሩና ያንኑ ገጽታ ጠቆሙ።

ጎንደር የሚያስፈልጋት ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ነው፣ ጂን ምን ይሠራላታል የሚል ይኖራል። ውሃው እንደሚቀድም አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኑና ከማኅበረሰብ ነርሷ ጎን የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ያሠለጠነው ለዚህ ነበር። ሆኖም ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው አሁንም በየክሊኒኩ የሚመረመረው ደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል በሚፈልገው የዊዳል ምርመራ ነው፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ባደገ ባክቴሪያ ላይ የቆመ ነው። በሽታው በተለመደበት አገር የድሮ ሕመም ወይም ሌላ ትኩሳት የተውት ፀረ እንግዳ አካል ያሳስተዋል፤ ታይፎይድ የሌለበትም አንቲባዮቲክ ይዞ ይገባል። ባክቴሪያው ሰው ውስጥ ብቻ የሚያወጣውን ገጽታ የሚፈልግ ምርመራ ከዚህ ይሻል እንደሆነ መሞከር የሚገባው በሽታው ባለበት ቦታ ነው። ለዚያ መነሻው የሕመምተኛ ሴረም ነው፤ ግን ታይፎይዱ በዊዳል ሳይሆን ደሙ ተዘርቶ ከተረጋገጠ ሰው የተቀዳ።