በስምጥ ሸለቆ የጕድጓድን ውሃ ስለ መመርመር

በስምጥ ሸለቆ አገር ጥልቅ ጕድጓድ አስቆፍሮ ጥሩ ውሃ ያገኘ ሹም ወይም ባለ እርሻ ለሕዝብ ለማጠጣት መቸኰል አይገባውም። መሬቱ የእሳተ ገሞራ ደንጊያና አመድ ስለ ሆነ፥ ውሃው በውስጡ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባለውን ቅመም እያሟሟ ይዞ ይመጣል። ይህም በዓይን አይታይም፥ በምላስም አይለይም። የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው፥ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፥ ሲበልጥ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ በዝቶ ብዙ ዓመት ሲጠጣም አጥንትን ያደነድናል፥ ጀርባንም ያጐብጣል። ይህ ጕዳት በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ታይቷል። ውሃን ማፍላት ቅመሙን አያጠፋውም።

ስለዚህ ከመቆፈሩ በፊት በአቅራቢያው ያሉት ጕድጓዶች ይመርመሩ፤ አዲሱም ሳይመረመር አይጠጣ። ቅመሙ በዝቶ ቢገኝ ለመጠጥ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወይም የወንዝን ውሃ አጣርቶ ማደል ይሻላል።