ክንድ ሲኒውን እንዴት ያገኛል?



«ይህ የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ለምን ይጠቅመናል?» እያሉ ተማሪዎች ዘወትር ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ያጣ ተማሪ ደብተሩን ይዘጋልና። ስለዚህ ዛሬ አንዱን መልስ ላቅርብ።

በኮምፒዩተር በተሠራ ፊልም ውስጥ አንድ ሰው ሲኒ ያነሳል እንበል። ሠዓሊው በመጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ክርኑን በዲግሪ እየለካ ቢያጥፍ፣ እጁ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው በመጨረሻ ነው። ሲኒውን ከሳተ እንደገና ይጀምራል። ይህ ፎርዋርድ ኪኔማቲክስ ይባላል።

ሁለተኛው ዘዴ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ሠዓሊው እጁ የሚደርስበትን ቦታ ብቻ ያመለክታል፤ የማዕዘኖቹን መጠን ኮምፒዩተሩ ያሰላል። ስሙም ኢንቨርስ ኪኔማቲክስ ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚራመድ ሰው እግሩ መሬት ላይ እንዳይንሸራተት የሚደረገውም በዚሁ ዘዴ ነው።

እናንተም ሞክሩት። 30 እና 40 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት እንጨቶችን ጫፍ ለጫፍ በገመድ እሰሩ፤ ማሰሪያው ክርን ነው። አንዱን ነጻ ጫፍ እንደ ትከሻ በምስማር መሬት ላይ ትከሉ። ሌላው ጫፍ ከትከሻው 50 ሳንቲ ሜትር ወደሚርቅ ነጥብ ሲደርስ ክርኑ 90 ዲግሪ ይሆናል፤ 30 እና 40 እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 2500፣ 50ም በራሱ ሲባዛ 2500 ነውና። ነጥቡ 60 ቢርቅ ክርኑ ወደ 117 ዲግሪ ገደማ ይከፈታል። ይህን የሚሰጠን በክፍል የምንማረው የኮሳይን ሕግ ነው። ነጥቡ ከ70 በላይ ቢርቅ ወይም ከ10 በታች ቢቀርብ ግን ክንዱ ፈጽሞ አይደርስበትም።

ልብ በሉ፤ የእንጨቱ ክርን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ታጥፎ እዚያው ነጥብ ላይ ይደርሳል። ሒሳቡ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የሰው ክርን ግን የሚታጠፈው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ የመታጠፊያውን ወሰን ለኮምፒዩተሩ መንገር ግድ ነው። እንደ አከርካሪ መገጣጠሚያው ሲበዛ ደግሞ መልሱ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ መገጣጠሚያዎቹን ጥቂት በጥቂት እያስተካከለ ወደ ነጥቡ ይጠጋል።

ኮምፒዩተር ባይኖረንም ሒሳቡ በእጃችን ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ነጥቡን 55 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርጋችሁ የክርኑን ማዕዘን አስሉ፤ ከዚያም በእንጨቶቹ አረጋግጡ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናርማለን።