መንጠቆ እንዴት ይሠራል? ከሐይቅ ዳር እስከ ጀሞ ገበታ

በጾም ወራት አዲስ አበባ፣ ጀሞ ላይ የዓሣ ገበያ ይደራል። ጥብሱና ጉላሹ ገበታ ላይ ሲቀርብ ልጆች «ይህ ዓሣ እንዴት ተያዘ?» ብለው ይጠይቃሉ። ደህና መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ ትኩስ ሆኖ የምንበላው ዓሣ በአብዛኛው የሐይቅ ዓሣ ነው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከባቱ (ዝዋይ)፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከሐዋሳ፣ ከጫሞና ከጣና ይመጣል። ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛው በመረብ ይያዛል። የዓሣን ጠባይ በደንብ የሚያስተምረው ግን በሐዋሳ ዳርቻ ልጆች ጭምር የሚይዙት ክርና መንጠቆ ነው።

ዓሣ ምግቡን ይስባል

ብዙዎቻችን ዓሣ መጥቶ መንጠቆውን የሚነክስ ይመስለናል። አብዛኛው ዓሣ ግን የሚበላው በመሳብ ነው። አፉንና የጉንጩን ክፍተት በቅጽበት ያሰፋል፤ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃው ምግቡን ይዞ ወደ አፉ ይገባል። እኛ ጁስ በስትሮ እንደምንስበው ማለት ነው። ከዚያ ውሃው በስንጥቡ በኩል ይወጣል፤ ምግቡ ይቀራል። ያልጣመውን ነገር ደግሞ በዚያው ፍጥነት መልሶ ይተፋዋል።

መንጠቆ የሚሠራው በመሳቡና በመትፋቱ መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ትሉ ወይም ሊጡ ተስቦ ሲገባ መንጠቆውም አብሮ ይገባል። አጥማጁ ክሩን ሲወጥር የጎበጠው ብረት ይዞርና ጫፉ ከንፈሩን ወይም የአፉን ጥግ ይይዛል። ከጫፉ በታች ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ አለች፤ መግባትን ትፈቅዳለች፣ መውጣትን ትከለክላለች። ክሩ ከላላ ግን ዓሣው ራሱን እየወዘወዘ መንጠቆውን ሊያስለቅቅ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው ዓሣው እስኪወጣ ድረስ ክሩ እንዲላላ የማይፈቅደው ለዚህ ነው።

የቀሩት ዕቃዎች ሥራ መንጠቆውን ትክክለኛው ጥልቀት ላይ ማድረስ ነው። ክሩ ላይ የሚታሰር እርሳስ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ቡሽ ወይም ሌላ ተንሳፋፊ ነገር ከተፈለገው በታች እንዳይሰምጥ ይይዘዋል። ቡሹ ሲነቀነቅ ከታች አንድ አፍ እየሞከረ መሆኑ ይታወቃል።

እያንዳንዱ ዓሣ የራሱ አፍ አለው

«ዛሬ ዓሣ የለም» የሚባልበት ቀን ብዙ ጊዜ መንጠቆው ላልታሰበለት አፍ የወረደበት ቀን ነው።

ቆሮሶ ትንሽ አፍ አለው። ዋና ምግቡ ውሃው ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ አልጌ ነው፤ ሲያገኝ ግን ነፍሳትና ትል ይበላል። ቀን በብርሃን ይመገባል፤ ጥልቀት የሌለውን የሐይቅ ዳር ይወዳል። ለእሱ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክርና ትንሽ ሊጥ ወይም ትል ያስፈልጋል። ትልቅ መንጠቆ ካወረዱለት ትሉን ከዳር ከዳሩ ለቅሞ ይሄዳል።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። በአፉ ዙሪያ ስምንት ሪዞች አሉት፤ በእነሱ እየዳሰሰ፣ በአፍንጫውም እያሸተተ ጭቃማ ወለል ላይ ምግቡን ይፈልጋል። የሚንቀሳቀሰው በተለይ ሌሊት ነው። ስለዚህ መንጠቆው ትልቅና ጠንካራ፣ ማባበያው ሽታ ያለው፣ ቦታው ወለሉ መሆን አለበት። አስጋሪዎች ብዙ መንጠቆዎች የተንጠለጠሉበትን ረጅም ገመድ ማታ ዘርግተው ጠዋት የሚሰበስቡት ይህን ጠባዩን ስለሚያውቁ ነው። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት በሕይወት ሊቆይ ይችላል።

በዝዋይ «ዱባ» የሚባለው ካርፕ ከውጭ ገብቶ የተላመደ ነው። አፉ ወደ ታች የሚዘረጋ ስለሆነ ጭቃውን እየሳበ ያጣራል፤ ስለዚህ ማባበያው ወለሉ ላይ ማረፍ አለበት።

የጫሞው ናይል ፐርች ሌላ ዓሣ የሚበላ አዳኝ ነው፤ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ለእሱ የማይንቀሳቀስ ሊጥ ምኑም አይደለም። የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ትንሽ ዓሣ፣ ማየት ይፈልጋል።

ሁሉም የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። በጎናቸው ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጋ መስመር አላቸው፤ በእሱ የውሃውን ንዝረት ይሰማሉ። ዳር ላይ እየሮጡ ዓሣ መጠበቅ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ባሕር ላይስ?

ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ላይ ወደ ባሕሩ በተዘረጋ የመርከብ መጠጊያ ቆሞ የሚያጠምድ ሰውም በዚሁ ሕግ ይሠራል። የመጠጊያው ምሰሶዎች ላይ አልጌና ቅርፊት ለባሽ ፍጥረታት ይጣበቃሉ፤ እነሱን የሚበሉ ትንንሽ ዓሦች ይመጣሉ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይከተላሉ። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሆኖ ብዙ ዓይነት ዓሣ መያዝ ይቻላል። በባሕር ምግብን የሚያመላልሰው የውሃው መሙላትና መጉደል ነው። በእኛ ሐይቆች ይህን ሥራ በአብዛኛው ነፋስ ይሠራል፤ አልጌውን እየገፋ ወደ አንዱ ዳር ሲያከማች ዓሣውም ወደዚያው ይሄዳል።

መምረጥ የሚችል መሣሪያ

የመንጠቆ ትልቁ በጎነት መምረጡ ነው። ትልቅ መንጠቆ የዓሣ ጫጩት አፍ ውስጥ አይገባም። በስህተት የተያዘ ትንሽ ዓሣም ቶሎ ከተፈታ ወደ ውሃው ሊመለስ ይችላል። ዓይኑ የጠበበ መረብ ግን ያልደረሰውንም ጠራርጎ ያወጣል። እናት ቆሮሶ እንቁላሎቿንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። በዚያ ጊዜ በመረብ የተያዘች አንዲት እናት ብዙ ልጆች ይዛ ትጠፋለች። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሐይቆቻችን እንዲህ ካለው አሰጋገር እንዲጠበቁም ጭምር ነው። ከጀሞ ብዙ በማይርቀው ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ጫጩት እያራባ ለኩሬዎች በማሰራጨት የሐይቆቹን ሸክም ለማቅለል ይሠራል።

ጀሞ ላይ ዓሣ የሚገዛ ሰውም ድርሻ አለው። ፊሌቶ የዓሣውን ዕድሜ ይደብቃል፤ ስለዚህ ሲቻላችሁ ሙሉውን ግዙ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ ትኩስ ነው። ከመዳፋችሁ የማይበልጥ ቆሮሶ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ርካሽ ቢሆንም አትግዙት፤ ገና አንዴ እንኳ ያልወለደ ሊሆን ይችላል። ገዢ ያጣ ትንሽ ዓሣ አስጋሪ አይፈልገውም። የሚቀጥለው ዓመት ዓሣችንም የሚገኘው ዘንድሮ ሐይቁ ውስጥ ከተውነው ነው።