የኤሌክትሪክ ኃይልን በባህር ውስጥ የፈተነችው «ዢምኖት»

የፈረንሣይ ባህር ኃይል «ዢምኖት» የተሰኘችውን በኤሌክትሪክ ኃይል የምትንቀሳቀስ ሰርጓጅ መርከብ እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1888 በቱሎን ወደብ ባህር ላይ አሳርፏል። ስያሜዋ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው የደቡብ አሜሪካ ዓሣ የተወሰደ ነው።

የመርከቧን ሃሳብ የጠነሰሱት ታዋቂው የመርከብ መሐንዲስ ሄንሪ ዱፑይ ደ ሎም ሲሆኑ፣ በ1885 ሕይወታቸው በማለፉ ሥራውን ጉስታቭ ዜዴ ተረክበዋል። ግንባታውን የመሩት ደግሞ ጋስቶን ሮማዞቲ ናቸው። ለሥራው ፈቃድ የሰጡት የባህር ኃይል ሚኒስትሩ አድሚራል ኦብ ብዙ ገንዘብ ከሚፈጁ ግዙፍ የጦር መርከቦች ይልቅ ፈጣንና አነስተኛ መርከቦች ይበጃሉ የሚል አቋም የነበራቸው ባለሥልጣን ነበሩ። ሚኒስትሩ ሌላ አቋም የነበራቸው ቢሆኑ ኖሮ ዕቅዱ ከወረቀት አያልፍም ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ቀደም ሲል በ1863 ባህር ላይ የዋለችው ፈረንሣይ ሠራሿ «ፕሎንዠር» በታመቀ አየር ትንቀሳቀስ ነበር። የእንፋሎት ሞተር በበኩሉ እሳቱ አየር ስለሚሻ ከውሃ በታች ለመጓዝ አይመችም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም፣ ጭስ አያወጣም፤ ነዳጅ ስለማያቃጥልም የመርከቧ ክብደት በጉዞ ላይ አይለዋወጥም። ክብደቷ ከውሃው ጋር መመጣጠን ላለበት ሰርጓጅ መርከብ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ዢምኖት 17.8 ሜትር ርዝመትና 1.8 ሜትር ወርድ ያላት ስትሆን ክብደቷ 30 ቶን ያህል ነበር። ባለ 55 የፈረስ ጉልበት ሞተሯን የነደፉት፣ በ1884 በኤሌክትሪክ የሚበር አየር መርከብ በመሥራት የተሳተፉት መኮንን አርተር ክሬብስ ናቸው። በውሃው ገጽ ላይ በሰዓት ከሰባት ኖት በላይ፣ ከውሃ በታች ደግሞ አራት ኖት ገደማ ትጓዝ ነበር።

ችግሩ የነበረው ከሞተሩ ሳይሆን ከባትሪው ላይ ነው። በመጀመሪያ የተገጠሙት 564 የአልካላይን ባትሪዎች አጥጋቢ ሆነው ባለመገኘታቸው በ1891 በእርሳስ ባትሪዎች ተተክተዋል። ያም ሆኖ መርከቧ ባትሪዎቿን በባህር ላይ የምትሞላበት ሌላ ሞተር ስላልነበራት ከወደብ ርቃ መሄድ አልቻለችም። የማጥለቂያ ክንፎቿ መጀመሪያ ላይ በኋላዋ በኩል ብቻ የተገጠሙ በመሆናቸውም ጥልቀቷን ጠብቃ መጓዝ አዳግቷት ነበር፤ ጉድለቱ የተቃለለው ተጨማሪ ክንፎች ከተገጠሙላት በኋላ ነው።

ዜዴ በ1891 በሌላ የጦር መሣሪያ ሙከራ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ሳቢያ ሕይወታቸው አልፏል። በስማቸው የተሰየመችውና በ1893 ባህር ላይ የዋለችው 48.5 ሜትር ርዝመት ያላት ሰርጓጅ መርከብ በ1898 በተካሄደ ልምምድ «ማዠንታ» የተባለውን ግዙፍ የጦር መርከብ በልምምድ ቶርፔዶ ለመምታት በቅታለች። በ1899 ባህር ላይ የዋለችው «ናርቫል» ደግሞ በውሃው ገጽ ላይ ስትጓዝ በእንፋሎት ሞተር እየተጠቀመች ባትሪዎቿን በራሷ መሙላት በመቻሏ፣ ዢምኖትን በወደብ ያሰራት ችግር መፍትሔ አግኝቷል።

ዢምኖት ግን 2 ሺህ ያህል ጊዜ ከሰረገች በኋላ በ1907 በወደብ ሳለች ሰጥማ፣ በቀጣዩ ዓመት ለቁርጥራጭ ብረትነት ተሽጣለች።